«በትውልድ ዜጋ» መሆን ምንድን ነው?

አንዳንድ አገሮች ከፍተኛውን የሥልጣን መንበር ለማንኛውም ዜጋ ሳይሆን «በትውልድ ዜጋ» ለሆነ ሰው ብቻ ክፍት ያደርጋሉ። ሐረጉ በአማርኛ ሲነገር ግልጽ ይመስላል፤ ሆኖም ትውልድ የምንለው የተወለድንበትን ስፍራም የተገኘንበትን የዘር ሐረግም ስለሆነ፣ ሁለት የተለያዩ የሕግ መንገዶች በአንድ ቃል ተሸፍነዋል።

ልዩነቱን ለማስረዳት ድሬዳዋ ትመቻለች። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ ግሪኮችን፣ አርመኖችን፣ ሕንዶችንና የመናውያንን አስተናግዳለች። ከውጭ አገር ዜጎች ከዚራ በተባለው የከተማዋ ሰፈር የተወለደ ልጅ አማርኛውን፣ ኦሮምኛውንና ሶማልኛውን እያቀላጠፈ ቢያድግም፣ እዚያ በመወለዱ ብቻ ኢትዮጵያዊ አይሆንም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 የሚጠይቀው ከወላጆቹ ቢያንስ አንዳቸው ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ነውና። በአንጻሩ ጅቡቲ ውስጥ ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ በትውልድ ዜጋ፣ ቢያንስ የ35 ዓመት ሰውና የ14 ዓመት ነዋሪ እንዲሆን ያዝዛል። በአሜሪካ ምድር የተወለደ ሰው በጥቅሉ ዜጋ መሆኑ የታወቀ ነው፤ በካናዳዋ ካልጋሪ ከአሜሪካዊት እናት የተወለዱት ሴናተር ቴድ ክሩዝ በ2016 እ.ኤ.አ. ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ግን «በትውልድ ዜጋ» ናቸው ወይ የሚል ክርክር ተነሥቷል። ኦስትሪያ ተወልደው በኋላ ዜግነት ያገኙት አርኖልድ ሽዋርዜኔገር የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ ለመሆን ቢበቁም፣ ለፕሬዚዳንትነት መወዳደር አይችሉም።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ግን ይህን መስፈርት አያነሣም። በአንቀጽ 73 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል፤ የተወለደበት ስፍራ አይጠየቅም። በእኔ አስተያየት ዋናው ማጣሪያ ያለው ሌላ ቦታ፣ ማለትም በጣምራ ዜግነት ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ወዶ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለው መታወቂያም ያለ ቪዛ ያስገባዋል እንጂ የመምረጥም ሆነ የመመረጥ መብት አይመልስለትም። የሐዲዱ ሌላኛው ጫፍ ጅቡቲም ፕሬዚዳንቷ ከጅቡቲያዊነት በቀር ሌላ ዜግነት እንዳይኖረው ትጠይቃለች።

ስለዚህ ሳቢያን በተባለው የድሬዳዋ ሰፈር ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ በኋላ ካናዳዊ የሆነ ሰው ከውድድሩ ውጭ ሲሆን፣ ባዕድ አገር ተወልዶ በሕግ ኢትዮጵያዊ የሆነውን ግን አንቀጽ 73 በግልጽ አይከለክለውም።