የአያት ጠገራ ብር «ግሬዲንግ» ያስፈልገዋል?

ግሬዲንግ ዋጋ መተመን አይደለም። ባለሙያ ሳንቲሙ እውነተኛ መሆኑንና የይዞታውን ደረጃ ይመረምራል፣ ከ1 እስከ 70 ነጥብ ይሰጣል፣ ከዚያ በፕላስቲክ ያሽገዋል። ለዚህ የሚከፈለው ገንዘብ፣ ከመላኪያው ጋር፣ ቀላል አይደለም።

ብዙ ቤት ያለው የማሪያ ቴሬዛ ብር ነው። «1780» የሚለውን አይቶ ብርቅ ነው ብሎ የሚደሰት ብዙ ሰው አለ። ምስሏ በብሩ ላይ ያለው ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፈችው በዚያው ዓመት ነው፤ ብሩ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ እስከ ዘመናችን ሲታተም ኖሯል። ስለዚህ አብዛኛው የሚያወጣው በውስጡ ያለውን የብር ማዕድን ዋጋ ያህል ነው፦ ክብደቱ 28 ግራም ገደማ፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹህ ብር። ይህን ለግሬዲንግ መላክ ኪሳራ ነው።

የምኒልክ ብር ከሆነ ግን ረጋ ብላችሁ እዩት። የአንበሳው ጋማና የንጉሡ ዘውድ ጥርት ብለው ከታዩ ባለሙያ ማማከር ያዋጣል። ለአንገት ጌጥ ተበስቶ ወይም ማንጠልጠያ ተበይዶበት ከነበረ ነጥብ አያገኝም፤ «ጉዳት ያለበት» ተብሎ ነው የሚመለሰው። እባካችሁ በሎሚና በአመድ አትፈትጉት! ጥቁረቱ የዕድሜው ነው፤ ገዢ የሚፈልገውም እሱን ነው።