ስፓጌቲ ምን ማለት ነው? የፓስታ ስሞችና ቅርጾች ትርጉም

ብዙዎቻችን ረጅሙንና ቀጭኑን «ፓስታ»፣ አጭሩንና ውስጡ ክፍት የሆነውን ደግሞ «መኮሮኒ» ብለን እናልፋለን። በጣሊያንኛ ግን ፓስታ ማለት ሊጥ ሲሆን፣ ከሊጡ የሚወጣው እያንዳንዱ ቅርጽ የራሱ መጠሪያ አለው፤ መጠሪያውም አብዛኛውን ጊዜ ቅርጹ ከሚመስለው ዕቃ፣ እንስሳ ወይም የሰውነት ክፍል የተወሰደ ነው።

ስፓጌቲን ለመረዳት አማርኛ ተናጋሪ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ዕቃ የምናስርበት ሲባጎ ስሙን ያገኘው «ስፓጎ» ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ ስፓጌቲም ከዚሁ ቃል ወጥቶ «ቀጫጭን ሲባጎዎች» ማለት ነው። ጣሊያንኛ በስም መጨረሻ ላይ በሚቀጥለው ድምፅ መጠንን ይናገራል፤ «ኢኒ» ስለሚያሳንስና «ኦኒ» ስለሚያተልቅ፣ ስፓጌቲኒ ከስፓጌቲ የቀጠነ፣ ስፓጌቶኒ ደግሞ የወፈረ መሆኑን እሽጉን ሳይከፍቱ ማወቅ ይቻላል። በዚሁ መንገድ ሊንጉዊኔ ትናንሽ ምላሶች፣ ቬርሚቼሊ ትናንሽ ትሎች ናቸው፤ ፋርፋሌ ቢራቢሮዎች፣ ካፔሊ ዳንጄሎ ደግሞ የመልአክ ፀጉር ማለት ነው።

«ፔና» ላባ ማለት ሲሆን፣ ሰው በወፍ ላባ ይጽፍ በነበረበት ዘመን ብዕርም በዚሁ ስም ተጠራ። ከዚሁ ቃል ስሙን ያገኘው ፔኔ የተባለው አጭር ፓስታ ጫፎቹ በሰያፍ የተቆረጡት እንደ ተቀረጸ ብዕር ነው። በጄኖቫ አካባቢ ፓስታ ይሠራ የነበረው ጆቫኒ ባቲስታ ካፑሮ እ.ኤ.አ. በ1865 ሊጡን በሰያፍ የሚቆርጥ ማሽን በፈጠራ መብት አስመዝግቧል።

ለእኔ ከሁሉ የሚያምረው ኦሬኪዬቴ፣ ማለትም ትናንሽ ጆሮዎች የሚለው ስም ነው። በደቡብ ጣሊያን በፑልያ፣ በተለይም በባሪ አሮጌ ሰፈር፣ ሴቶች በየደጃቸው ተቀምጠው ከስንዴ ዱቄትና ከውኃ ብቻ የተቦካውን ሊጥ እንደ ገመድ ያድበለብሉና በትንንሹ ይቆርጡታል፤ ከዚያም እያንዳንዱን ቁራጭ በቢላ ጎትተው በአውራ ጣታቸው ላይ ይገለብጡታል። ቢላው የተወው ሻካራ ጀርባና ጣት የሠራው ጎድጓዳ ሆድ ለጌጥ የተሠሩ ሳይሆኑ ስጎውን ይዘው የሚያስቀሩ ናቸው።

ሁሉም ስም ግን ከቅርጽ የመጣ አይደለም። ጠርዙ የተጨማደደው ማፋልዲኔ የተሰየመው ኢትዮጵያ ከተወረረች በኋላ የንጉሠ ነገሥትነቷን ማዕረግ ለራሱ በወሰደው በጣሊያን ንጉሥ ልጅ፣ በልዕልት ማፋልዳ ነው። ከቅኝ ግዛት ዘመን የቀሩም አሉ፤ ትሪፖሊኔ ከትሪፖሊ፣ አቢሲኔ ደግሞ ከአቢሲኒያ፣ ማለትም ከእኛው አገር ስም የወጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ላይ አንድ የጣሊያን አምራች አቢሲኔ ብሎ የሚሸጠውን ፓስታ የፋሺስቱን ዘመን በሚያወድስ ጽሑፍ በማስተዋወቁ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው፤ ይቅርታ ጠይቆም ስሙን ኮንኪልዬ፣ ማለትም ዛጎሎች በሚለው ተካው። ቅርጹም ቀድሞውኑ የሚመስለው ዛጎልን ነበር።