ሳይኬደሊክ ፎክ አልበም እንዴት ይሠራል?

ሳይኬደሊክ ፎክ በ1960ዎቹ አጋማሽ በብሪታንያና በአሜሪካ የተወለደ የሙዚቃ ስልት ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መነሻው የቆየው የሕዝብ ዘፈን ነው። አንድ ሰው ጊታሩን ይዞ ታሪክ ያዜማል። እዚያ ላይ የሩቅ አገር መሣሪያ፣ ሳይቋረጥ የሚያስተጋባ ድምፅ፣ ሕልም የሚመስል ግጥምና በስቱዲዮ የተለዋወጠ ቅጂ ሲጨመር ሌላ ነገር ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ሙዚቃ የአደንዛዥ ዕፅ ውጤት ብቻ አድርጎ ያየዋል። በዘመኑ ኤልኤስዲ በሰፊው ይወሰድ ነበር፤ በግጥሞቹም ላይ አሻራው አለ። አልበሞቹን ረጋ ብሎ ለሰማ ግን ያ እንግዳ ድምፅ የመጣው ከጊታር ቅኝት፣ ከቀረጻው ክፍልና ከቴፕ ክር ጋር ከተደረገ ረጅም ትግል ነው።

ሥራው ከቅኝት ይጀምራል። እንግሊዛዊው ጊታሪስት ዴቪ ግራሃም ያስለመደው ቅኝት ጥሩ ምሳሌ ነው። ግራሃም ሞሮኮ ሄዶ ኡድ የሚባለውን የዐረቦች ባለ ክር መሣሪያ ጨዋታ ሰምቶ ነበር፤ ያንን ወደ ጊታር ለማምጣት ከስድስቱ ክሮች ሦስቱን አላላቸው። አንደኛው፣ ሁለተኛውና ስድስተኛው ክር እያንዳንዳቸው አንድ ቶን ዝቅ ይላሉ። ከዚያ ክሮቹ በጣት ሳይያዙ ሲመቱ የሚወጣው ኮርድ (ኖታዎቹ አንድ ላይ የሚሰጡት ድምፅ) ደስተኛው ሜጀርም ሐዘንተኛው ማይነርም አይደለም። ያዝን ይሁን ይደሰት ሳይለይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ወፍራሞቹ ክሮች ከሥር እያስተጋቡ ዜማው በቀጫጭኖቹ ላይ ይሄዳል። ከበሮና ቤዝ ባይኖርም ዘፈኑ ባዶ አይሆንም።

ስለ አሠራሩ ከሁሉም ይበልጥ የሚያስተምረው በኤደንብራ የተመሠረተው ኢንክሬዲብል ስትሪንግ ባንድ ይመስለኛል። በ1966 የመጀመሪያ አልበማቸው እንዳለቀ ቡድኑ ተበተነ። ክላይቭ ፓልመር ወደ አፍጋኒስታን፣ ሮቢን ዊሊያምሰን ደግሞ ወደ ሞሮኮ ሄደ። ዊሊያምሰን ገንዘቡ ሲያልቅ ጊምብሪ የሚባለውን ባለ ክር መሣሪያና ሌሎች የሰሜን አፍሪካ መሣሪያዎችን ይዞ ተመለሰ፤ ከቡድኑ ባልደረባው ከማይክ ሄሮን ጋርም እንደገና ሥራ ጀመረ። ሁለቱ እጃቸው የገባውን ሁሉ ሞከሩ። ሲታር፣ ማንዶሊን፣ ዋሽንት፣ ኦርጋን፣ ሃርፕሲኮርድ፣ ምን የቀረ አለ? ዊሊያምሰን በጣት የሚመታውን ጊምብሪ በቀስት ይጫወተው ነበር። የመሣሪያው ሕግ የማይፈቅደው ድምፅ የወጣው እንዲህ ባለው ድፍረት ነው።

የሚቀርጹት ለንደን፣ ቼልሲ ሰፈር ውስጥ ሳውንድ ቴክኒክስ በሚባል ስቱዲዮ ነበር። ቤቱ ቀድሞ የወተት ማቀነባበሪያ ነበር። ጆን ዉድና ጄፍ ፍሮስት የከፈቱት ሲሆን የድምፅ ማደባለቂያ ጠረጴዛውን እንኳ ራሳቸው ነው የሠሩት። የክፍሉ ጣሪያ ቦታ ቦታው ላይ ከፍታው ይለያያል። ስለዚህ ፕሮዲዩሰሩ ጆ ቦይድና የድምፅ ባለሙያው ዉድ መሣሪያውን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው በማዛወር ብቻ የተለየ ድምፅ ያገኙ ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጊታር ዝቅ ካለ ጣሪያ ሥር ቅርብና ደረቅ ሆኖ ይሰማል፤ ከፍ ያለ ጣሪያ ሥር አየር ያገኛል። ጥሩ የድምፅ ባለሙያ ማሽን ከመንካቱ በፊት ማይኩን የት እንደሚያቆም ይጨነቃል።

ቀጥሎ የቴፕ ክር ይመጣል። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተለመደው መቅረጫ አራት ትራክ፣ ማለትም ለየብቻ የሚቀረጽ አራት የድምፅ መስመር፣ ብቻ ነበረው። በሁለት ሰው አሥር መሣሪያ ለመቅረጽ ሦስቱን ትራኮች ሞልቶ፣ አደባልቆ፣ አራተኛው ላይ ማሳረፍ ይቻላል። ከዚያ ሦስቱ ነፃ ይሆናሉ። ችግሩ፣ አንዴ የተደባለቀ አይለያይም። ዋሽንቱ በዝቶ ከሆነ በዝቶ ይቀራል። በእያንዳንዱ ዙርም ትንሽ ሹክሹክታ የመሰለ የክር ጫጫታ ይጨመራል። ሙዚቀኞቹ ገና በመሐል ላይ ሳሉ የመጨረሻውን ድምፅ መወሰን ነበረባቸው።

ወደ ኋላ የሚሄደው ጊታርም የሚወለደው እዚሁ ነው። ባለሙያው የክሩን ጥቅል ገልብጦ ይጭነዋል። ዘፈኑ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየሄደ ሳለ ጊታሪስቱ ይጫወታል። ጥቅሉ ሲመለስ የእያንዳንዱ ኖታ ጭራ ቀድሞ ይመጣና እያበጠ ሄዶ ድንገት ይቆረጣል። እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። ክሩ ሲገለበጥ ትራኮቹም ቦታ ይቀያየራሉ፤ አንደኛው አራተኛ፣ ሁለተኛው ሦስተኛ ይሆናል። ያንን የረሳ ባለሙያ ጥሩ የድምፅ ቅጂ ላይ ደርቦ ቀርጾ ሊያጠፋው ይችላል።

ሌላው ዘዴ ፍጥነት ነው። ማሽኑ ትንሽ ዘግየት ብሎ እየሄደ ይዘፈንና በተለመደው ፍጥነት ሲሰማ ድምፁ ይቀጥናል፣ ልጅነት ልጅነት ይላል። ለገደል ማሚቶው ደግሞ በ1957 የወጣ የጀርመን መሣሪያ ነበር። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን የብረት ሉህ በሳጥን ውስጥ ተንጠልጥሎ በድምፁ ይንቀጠቀጣል።

በመጋቢት 1968 የወጣው የኢንክሬዲብል ስትሪንግ ባንድ አልበም፣ «ዘ ሀንግማንስ ቢዩቲፉል ዶተር»፣ ይህን ሁሉ አንድ ላይ ያሳያል። ውስጡ 13 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ዘፈን አለ። ከብዙ ቁርጥራጭ የተሰፋ ሲሆን ከባሃማስ የመጣ መንፈሳዊ መዝሙርም ገብቶበታል። ይህ ሁሉ ሆኖ አልበሙ በብሪታንያ ሰንጠረዥ 5ኛ ደረጃ ደረሰ።

ሁሉም ግን እንዲህ አያበዛም። እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ ቫሽቲ ባንያን በ1968 በፈረስ ጋሪ ከለንደን ወደ ስኮትላንድ ደሴቶች ጉዞ ጀመረች። ዘፈኖቿን የጻፈችው በመንገድ ላይ ነው። በ1969 መጨረሻ እዚያው ሳውንድ ቴክኒክስ ገብታ ከቦይድ ጋር ስትቀርጽ ድምፅዋ ከሹክሹክታ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ሮበርት ከርቢ ለባለ ክርና ለትንፋሽ መሣሪያዎች የጻፈው ቅንብርም ሳይጫናት ይከተላታል። አልበሙ በ1970 ሲወጣ ገዢ አላገኘም። በ2000 እንደገና ሲታተም ነው ሰው ያወቀው።

በካሊፎርኒያ ደግሞ ዘፋኟ ሊንዳ ፐርሃክስ በሙያዋ የጥርስ ንጽሕና ባለሙያ ነበረች። ከታካሚዎቿ አንዱ የፊልም ሙዚቃ ደራሲው ሊዮናርድ ሮዘንማን ነበርና አልበሟን ፕሮዲዩስ አደረገላት። ሙዚቃን በቅርጽ የምታይ ሰው ስለሆነች የአንዱን ዘፈን መሐል ያሳየችው በሥዕል ነው። ለጡሩንባ መሰሉ ድምፅ የመታጠቢያ ቤት ቱቦ በኤሌክትሪክ አጉልተው ተጠቅመዋል። በ1970 የወጣው ያ አልበም ዛሬም ሲሰማ አዲስ ነው፤ ለእኔ ከዘርፉ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

ሸክላውም የራሱን ሕግ ይጥላል። በአንድ ገጽ 20 ደቂቃ አካባቢ ሲያልፍ መስመሮቹ ስለሚጠብቡ ድምፁ ይደክማል። ረጅሙ ዘፈን የት እንደሚገባ የሚወሰነው በዚህ ነው።

በ1979 ባለ አራት ትራክ የካሴት መቅረጫ ለቤት ሲመጣ ስቱዲዮ መከራየት ግዴታ መሆኑ ቀረ። በ2000ዎቹ ደግሞ ስልቱ በአሜሪካ እንደገና አንሰራራ። ዘፋኟና ሃርፕ ተጫዋቿ ጆአና ኒውሰም በ2006 ያወጣችው «ይስ» የተባለ አልበም አምስት ዘፈን ብቻ ይዞ 55 ደቂቃ ያህል ይሄዳል። መጀመሪያ ስቲቭ አልቢኒ ድምፅዋንና በገና መሰሉን ሃርፕ ቀረጸ። ከዚያ ቫን ዳይክ ፓርክስ ኦርኬስትራውን በዚያ ላይ አቀናበረ፤ በመጨረሻም ጂም ኦሩርክ አደባለቀው። ኦርኬስትራው ዘፋኟን ነው የሚከተለው፤ ስታዘገይ ያዘገያል፣ ስትፈጥን ይፈጥናል።