«ክትባቱን ጨርሷል» እና ሌሎች የኩፍኝ ስሕተቶች

ሐዋሳ ታቦር አካባቢ በክትባት ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት «ልጄ በ9 ወሩ ክትባቱን ጨርሷል» እንደሚለው አነጋገር ያሰለቸኝ ነገር የለም። አልጨረሰም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ15 ወር ይሰጣል።

«አንዱ ካልበቃ ታዲያ ለምን ተወጋ?» የሚሉኝ አባቶች አሉ፤ እስኪ ይህን በእርጋታ ላስረዳ። በ9 ወር የሚሰጠው ክትባት ከ100 ሕፃናት 85 ያህሉን ብቻ የሚከላከልበት አንዱ ምክንያት፣ በአንዳንዶቹ ደም ውስጥ ከእናታቸው የወረሱት የመከላከል አቅም ገና ስላላለቀ ክትባቱን ሥራውን ሳይጀምር የሚያመክነው መሆኑ ነው። የትኛው ልጅ ከ85ቱ፣ የትኛው ከ15ቱ እንደሆነ በዓይን ስለማይለይ ሁሉም እንደገና ይከተባሉ። ለእነዚያ 15 ልጆች የ15 ወሩ መርፌ የመጀመሪያቸው ያህል ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት የ2 ዓመት ልጇን በነጠላ ሸፍና መጣች። ዓይኑ ቀልቶ ያነባል፤ ሽፍታው ከጆሮው ሥር ተነሥቶ ደረቱ ደርሷል። በፌስታል የተጠቀለለውን ካርድ ስፈታው የ15 ወሩ መስመር ባዶ ነበር።

«ጨርሶ ነበር እኮ፣ ሲስተር» አለችኝ።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ጉንፋን የያዘው ልጅ አይከተብም የሚባለው ሐሰት ነው፤ ቀላል ጉንፋን ክትባት አያስቀርም። ሽፍታው እንደወጣ ልጁን ስለለዩ ሌሎቹ የሚድኑ የሚመስላቸውም ተሳስተዋል፤ በሽታው ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን አስቀድሞ ይተላለፋል፣ በሽተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላም እስከ 2 ሰዓት አየሩ ውስጥ ይቆያል። መርፌ ከነካው ሽፍታው ወደ ውስጥ ገብቶ ይገድለዋል በማለት ልጁን ጨለማ ቤት የሚዘጉበት ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ ብርሃን ለሚያስቸግረው ዓይን መጋረጃ መጋረድ ክፋት ባይኖረውም፣ ሕፃናቱን በብዛት የሚገድለው ኩፍኙን ተከትሎ የሚመጣው የሳንባ ምችና ተቅማጥ ስለሆነ ልጁ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ዓይኑን ከመታወር ለማዳን ቫይታሚን ኤ በ2 ተከታታይ ቀናት የሚሰጠውም እዚያው ነው።

ያቺ እናት ግን ቸል ያለች አልነበረችም። በ15 ወሩ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ወስዳው «ልጆች ስላልሞሉ ሌላ ቀን ነይ» ተብላ ተመልሳለች። አንዱ ብልቃጥ የ10 ልጆች መጠን ይዞ ከተበጠበጠ በኋላ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ስለሚጣል፣ ባለሙያው ለመክፈት ይሳሳል። ቢሆንም ቀኑን ቆርጦ ካርዱ ላይ መጻፍ የእኛ ሥራ ነበር፤ እናንተም ቀኑ ሳይጻፍላችሁ ከበሩ አትውጡ።