የኤሌክትሪክ ስኬማቲክ ምንድን ነው? ከአሮጌ ፒንቦል ጋር እንየው

ቃሊቲ ወፍጮ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ሳያየው አልቀረም፤ ባለወፍጮው አረንጓዴዋን ቁልፍ ጫን አድርጎ ይለቃል፣ ጣቱን ካነሳ በኋላም ሞተሩ መዞሩን ይቀጥላል። ሚስጥሩ ኮንታክተሩ፣ ማለትም ሞተሩን በማግኔት የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ ውስጥ ነው። ቁልፏ ስትነካ ኮይሉ (የሽቦ ጥቅልሉ) ማግኔት ይሆንና ኮንታክቶቹን (መብራት የሚያቀብሉትን የብረት መገናኛዎች) ያጋጥማል፤ ከእነሱ አንዷ ለራሱ ለኮይሉ መብራት ታቀብላለች። ቀይዋ ቁልፍ እስክታቋርጠው ድረስ ራሱን በራሱ ይዞ ይቆያል።

የብረት ኳስ እየመቱ ነጥብ የሚሰበስቡበት ፒንቦልም፣ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጨረሻ ኤሌክትሮኒክስ እስኪገባበት ድረስ፣ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነበር። ኮምፒዩተር የለውም። ነጥብ የሚደምረው፣ የተጫዋቹን ተራ የሚለየው፣ ጨዋታ የሚዘጋው ሁሉ በሪሌይ፣ ማለትም እንደ ኮንታክተሩ ባለ ትንሽ የማግኔት ማብሪያ ነው።

ስኬማቲክ የዚህ ሁሉ ሥዕል ነው። ዕቃው የት እንደተቀመጠ ግን አይነግራችሁም፤ የሚነግራችሁ ጅረቱ በምን በምን አልፎ የት እንደሚደርስ ነው። ጀማሪ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። የአንድ ሪሌይ ኮይል ወረቀቱ አንድ ጥግ ላይ ተስሎ፣ ኮንታክቶቹ ሌላ ሌላ መስመር ላይ ተበትነው ይገኛሉ። የሚያዛምዳቸው አጠገባቸው የተጻፈው ስም ብቻ ነው። ስዊቾቹም የሚሳሉት ማሽኑ ሳይሠራ ባሉበት ሁኔታ ነው፤ ይህን የረሳ ሰው ሥዕሉን ገልብጦ ያነባል።

ባለ 10 ነጥቡን ሪሌይ እንከተል። ኳሷ ስዊቹን ስትነካ ኮይሉ ይስባል። አንዱ ኮንታክቱ ራሱን ያስይዘዋል፣ ሌላው ደወሉን ያስመታል፣ ሦስተኛው ነጥቡን የምታሳየውን የቁጥር ጎማ ለሚገፋው ኮይል መብራት ይሰጣል። ጎማዋን የሚገፋው ክንድ ጉዞውን ሲጨርስ አንዲት ትንሽ ስዊች ይከፍታል፤ ያን ጊዜ ሪሌዩ ይለቃል። ይህ ሁሉ ዓይን እስኪርገበገብ ነው።

ባለፈው ክረምት ወርክሾፓችን አንድ ፒንቦል መጣ። ለአሜሪካ መብራት የተሠራ ስለሆነ የእኛን 220 ቮልት በትራንስፎርመር አወረድንለት። ቁጥሩ አንዴ ጠቅ ይልና ይቆማል፤ ከዚያ እምምም የሚል ድምፅ፣ ኮይሉ እጅ እስኪያቃጥል መጋል። ከእኛ በፊት ያየው ሰው ሪሌዩን ቀይሮት ነበር። ሪሌዩ ግን ጤነኛ ነው። ወረቀቱን ዘርግተን የሪሌዩን መስመር በጣት ስንከተል፣ ኮይሉ ጋ ከመድረሳችን በፊት ያቺን ትንሽ ስዊች አገኘን። በሥዕሉ ከሪሌዩ ጎን ናት፤ በማሽኑ ግን ሪሌዩ ታች ሳጥኑ ውስጥ ሲሆን እሷ ላይ፣ ከቁጥር ጎማዋ ጀርባ ተደብቃለች። ምላሷ ታጥፋ አልከፈት ብላለች።

መብራቱን አጥፍተን ምላሷን በጉጠት በቀስታ መለስናት። ጫፏ ጠቁሮ ስለነበር በስስ ሞረድ ሁለቴ ጠረግናት፤ ብርጭቆ ወረቀት ፍርፋሪ ስለሚተው አንነካውም። አብርተን ስዊቹን በጣት ስንነካ ደወሉ ድንን አለ፣ ጎማዋ ጠቅ አለች፣ ሪሌዩም ለቀቀ።