ኒክ ሎው፦ ዘፈኖቹ ከስሙ ቀድመው የሄዱ እንግሊዛዊ

ኒክ ሎው እንግሊዛዊ ዘፋኝ፣ የግጥምና ዜማ ደራሲ፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋች እና ፕሮዲውሰር ነው። ስሙን የሚያውቀው ሰው ብዙ አይደለም። የማን እንደሆኑ ሳያውቅ ዘፈኖቹን የሰማ ግን ሞልቷል። ሙዚቃው ከ1950ዎቹ ሮክ ኤንድ ሮል፣ ከአሜሪካ ካንትሪ እና ከሶል የተቀዳ ነው፤ አዲስ ስልት እፈጥራለሁ ብሎ ሲጨነቅ አይታይም። የሚገርመው፣ በእንግሊዝ ፓንክ የተባለው ፈጣንና ሻካራ የሮክ ስልት ሲወለድ አዋላጁ ይኸው የድሮ ሙዚቃ አፍቃሪ መሆኑ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው በ1949 ከለንደን ደቡብ ምዕራብ ባለችው ዋልተን ኦን ቴምዝ ነው። አባቱ የአየር ኃይል መኮንን ስለነበሩ የልጅነት ዕድሜውን ከፊሉን ያሳለፈው በዮርዳኖስ ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለ ብሪንዝሊ ሽዋርዝ ከሚባል ጊታሪስት ጋር ተዋወቀ። በኋላ ኪፒንግተን ሎጅ በተባለ የፖፕ ባንድ ውስጥ አብረው ሠሩ። ባንዱ በ1960ዎቹ መጨረሻ ጥቂት ነጠላ ዜማዎች ቢያወጣም አንዱም አልሰመረለትም። ከዚያ ስሙን ለወጠና በጊታሪስቱ ስም ብሪንዝሊ ሽዋርዝ ተብሎ ቀጠለ። ሎው ቤዝ ይጫወታል፣ ይዘፍናል፣ አብዛኛውን ዘፈንም ይጽፋል።

በሮክ ታሪክ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚሳቅበት ቅሌት የመጣው ወዲያው ነው። የባንዱ ማናጀር ዴቭ ሮቢንሰን እና ፌምፑሸርስ የሚባለው ድርጅቱ ልጆቹን ባንድ ሌሊት ዝነኛ ለማድረግ አሰቡ። ዕቅዱ ቀላል ነበር። ሚያዝያ 1970 ኒውዮርክ በሚገኘው ፊልሞር ኢስት አዳራሽ ከዘፋኙ ቫን ሞሪሰን በፊት መድረክ ላይ ይወጣሉ። ከእንግሊዝ ደግሞ ከመቶ በላይ ጋዜጠኞችና እንግዶች በአውሮፕላን ተጭነው ሊያዩዋቸው ይመጣሉ፤ ወጪው ሁሉ በድርጅቱ። ለማይታወቅ ባንድ ይህ ሁሉ ድግስ!

አንድም ነገር እንደታሰበው አልሄደም። ባንዱ ቪዛ በጊዜ አላገኘምና በካናዳ በኩል ዞሮ በመጨረሻው ሰዓት ደረሰ። የጋዜጠኞቹ አውሮፕላን ብልሽት ገጥሞት ለሰዓታት ዘገየ። መጠጡ ነጻ ነበርና አዳራሹ ሲደርሱ የሰከረው ሰክሯል፣ የደከመው ደክሟል። ልጆቹም ተራ ዝግጅት አቀረቡ። ጋዜጠኞቹ አገራቸው ሲመለሱ ባንዱን አብጠለጠሉት፣ ተከትሎ የወጣው የመጀመሪያ አልበምም ከዚያ ጭቃ አልዳነም።

በእኔ አስተያየት ሎውን የሠራው ይህ ውርደት ነው። ባንዱ ከዚያ በኋላ ማስታወቂያና ግርግር የሚባል ነገር ጠላ። በዚህ መሃል፣ በ1971፣ ኤግስ ኦቨር ኢዚ የሚባሉ አሜሪካውያን በሰሜን ለንደን ኬንቲሽ ታውን ታሊ ሆ በተባለ መጠጥ ቤት መጫወት ጀመሩ። የመብራት ትርኢት የለም፣ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ የጊታር ሶሎ የለም። አጫጭር ዘፈን፣ ትንሽ ክፍል፣ ቢራ የያዘ ሰው። እነ ሎው ይህን አይተው የራሳቸው አደረጉት። በኋላ ፐብ ሮክ የተባለው እንቅስቃሴ የተስፋፋው ከእንዲህ ዓይነት ቤቶች ነው። በ1973 የፖል ማካርትኒን ባንድ ዊንግስን በእንግሊዝ ጉዞው ቢያጅቡም ገበያ ላይ ለውጥ አልመጣም። በ1974 ሎው ስለ ሰላም፣ ፍቅርና መግባባት አንድ ዘፈን ጻፈ። ሲጀምረው ዘመን ያለፈበት ሂፒ ላይ ለመቀለድ ነበር፤ ሲጨርሰው ቁም ነገር ሆኖ ተገኘ። ያኔ ማንም ልብ አላለውም። በ1975 ባንዱ ተበተነ።

በቀጣዩ ዓመት ነገሩ ተገለበጠ። ያው ሮቢንሰን ከጄክ ሪቪዬራ ጋር ሆኖ ስቲፍ ሬከርድስ የተባለ የሸክላ ኩባንያ አቋቋመ። መነሻቸው ዶክተር ፊልጉድ ከሚባለው ባንድ ዘፋኝ ከሊ ብሪሎ የተበደሩት 400 ፓውንድ ነው። በነሐሴ 1976 የወጣው የኩባንያው የመጀመሪያ ሸክላ የሎው «ሶ ኢት ጎውስ» ነበር። ለመቅዳት 45 ፓውንድ ፈጀ ይባላል። ሎው ወዲያው የኩባንያው ቤተኛ ፕሮዲውሰር ሆነ። በዚያው ዓመት ጥቅምት የወጣውን፣ ዳምንድ የተባለውን ባንድ «ኒው ሮዝ» የቀዳው እሱ ነው፤ ይህ የእንግሊዝ የመጀመሪያው የፓንክ ነጠላ ዜማ ነው።

ቅጽል ስሙ ባሸር ነው። አሁን ፈጥነን እንቅዳው፣ ማሳመሩ በኋላ ይደረስበታል የሚል ሰው ስለነበር ነው የወጣለት። ኢስሊንግተን በሚገኘው ፓዝዌይ የተባለ ስምንት ትራክ ብቻ ባለው ጠባብ ስቱዲዮ ዘፋኙን ኤልቪስ ኮስቴሎን ሲቀዳ፣ ኮስቴሎ ገና የቢሮ ሠራተኛ ነበር። አመመኝ እያለ ከሥራ ይቀርና ወደ ስቱዲዮ ይሄዳል። በ1977 የወጣው የመጀመሪያ አልበሙ እንዲህ ተሠራ። ሎው እስከ 1981 ድረስ የኮስቴሎን አምስት ተከታታይ አልበሞች ፕሮዲውስ አደረገ። በመሃል ኮስቴሎ ያችን የተረሳች የሰላም ዘፈን አንስቶ በንዴት ዘፈናት። የኮስቴሎ ቅጂ መጀመሪያ የወጣው ግን በ1978 በሎው ነጠላ ዜማ ጀርባ፣ «ኒክ ሎውና ድምፁ» በሚል ስም ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው የኮስቴሎ ዘፈን ይመስለዋል።

የራሱ የዝና ጊዜ አጭር ነበር። በ1978 «አይ ላቭ ዘ ሳውንድ ኦፍ ብሬኪንግ ግላስ» በእንግሊዝ ሰንጠረዥ ሰባተኛ ወጣ። ቤዝ ተጫዋች ነው ብለናል፤ በዚህ ትልቅ ዘፈኑ ላይ ግን ቤዙን የተጫወተው ሌላ ሰው ነው፣ አንድሩ ቦድናር። በቀጣዩ ዓመት «ክሩዌል ቱ ቢ ካይንድ» በእንግሊዝም በአሜሪካም አሥራ ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ። ከብሪንዝሊ ሽዋርዝ ዘመን ባልደረባው ከኢያን ጎም ጋር የጻፉት ነው።

በመድረክ ላይ አብረውት የነበሩት ጊታሪስቶቹ ዴቭ ኤድመንድስና ቢሊ ብሬምነር፣ ከበሮ መቺው ደግሞ ቴሪ ዊሊያምስ ናቸው። ባንዱ ሮክፓይል ይባላል። የሮክ ኤንድ ሮሉን ቹክ ቤሪን ሰምቶ ያደገ ሰው እነሱን ቢሰማ አይከፋም። ችግሩ ሎውና ኤድመንድስ የተለያዩ ኩባንያዎች ውል ነበራቸው። ስለዚህ አራቱ አብረው የሠሩት ሥራ አንዴ በሎው፣ አንዴ በኤድመንድስ ስም ይወጣል። በሮክፓይል ስም የወጣው አልበም የ1980ው አንዱ ብቻ ነው። አብሮት የኤቨርሊ ወንድማማቾችን ዘፈኖች ሁለቱ ሰዎች የተጫወቱበት ትንሽ ሸክላ ነበር፤ እኔ ከአልበሙ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። በ1981 ተጣልተው ተለያዩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ብዙ የሚያስወሩ አይደሉም። አልበሞች ነበሩ፣ መጠጡም ነበር፣ ገበያው ግን ቀዘቀዘ። ከዘፋኙ ጆን ሃያት፣ ከጊታሪስቱ ራይ ኩደርና ከከበሮ መቺው ጂም ኬልትነር ጋር በ1987 የሃያትን አልበም ሲሠራ ውጤቱ ግሩም ነበር። አራቱ በ1992 ሊትል ቪሌጅ በሚል ስም ባወጡት አልበም ግን ያን አልደገሙትም።

በ1979 ሎው ካርሊን ካርተርን አግብቶ ነበር። እሷ የዘፋኟ ጁን ካርተር ልጅ ነች፤ ስለዚህ የጁን ባል የነበረው የካንትሪ ዘፋኙ ጆኒ ካሽ የሎው ሚስት እንጀራ አባት ነበር። አንድ ጊዜ ካሽ ለንደን እነሱ ቤት እያለ ሎው ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ለአማቹ የሚሆን ዘፈን ሲጽፍ አደረ። በውስጡ ስላለ አውሬ የሚናገር ሰው ዘፈን ነው። ማታ ራሱን ካሽ አድርጎ ነበር የሚጽፈው፤ ጠዋት ካሽ ፊት ቆሞ ሲዘፍነው ግን አፈረ። ዘፈኑ አላለቀም። ካሽ ግን አልረሳውም፤ በተገናኙ ቁጥር የት ደረሰ እያለ ይጠይቀዋል። ትዳሩ እንኳ ፈርሶ ሁለቱ ከተፋቱ በኋላ ነው ሎው የጨረሰው። ካሽ በ1994 ባወጣው፣ ሙያውን እንደገና ባነሳለት አልበም ላይ ዘፈነው። ሎውም የራሱን ቅጂ በዚያው ዓመት አወጣ፣ እሱም የሶፕራኖስ ተከታታይ ድራማ የመጀመሪያ ክፍል መዝጊያ ሆነ።

ገንዘቡ የመጣው ካልታሰበ ቦታ ነው። በ1992 ዊትኒ ሂውስተን የተወነችበት «ዘ ቦዲጋርድ» ፊልም ሲወጣ፣ በፊልሙ አልበም ላይ ከርቲስ ስታይገርስ ያችኑ የ1974 ዘፈን ተጫውቷል። አልበሙ በዓለም ዙሪያ ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ለደራሲው የሚደርሰው ድርሻ ሎውን በቅጽበት ሀብታም አደረገው። ቢዘፍንም ባይዘፍንም የቤት ኪራይ የማያሳስበው ሰው ሆነ።

ይህን ነጻነት በደንብ ተጠቀመበት። እንደ ወጣት ለመምሰል ከመሯሯጥ ይልቅ ዕድሜውን ጥቅም የሚያደርግ ሙዚቃ ፈለገ። ከበሮው በለሆሳስ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ ግጥሙ ስለ ብቸኝነት፣ ስለ ሽንፈትና ስላመለጠ ፍቅር። በ1994፣ በ1998 እና በ2001 የወጡት ሦስት አልበሞች በሚኖርበት የምዕራብ ለንደን ሰፈር ስም የብሬንትፎርድ ሦስትዮሽ ይባላሉ። ብዙ ተቺዎች ከወጣትነት ሥራው በላይ ያስቀምጧቸዋል። እኔም ከነሱ ጋር ነኝ፤ በተለይ የመጨረሻው፣ «ዘ ኮንቪንሰር»፣ ሌሊት የሚሰማ አልበም ነው።

በቅርብ ዓመታት አብረውት የሚዞሩት ሎስ ስትሬትጃኬትስ ናቸው። ከናሽቪል የመጡ፣ የሜክሲኮ የትግል ስፖርተኞችን ጭምብል አጥልቀው ያለ ዘፋኝ የሚጫወቱ ጊታሪስቶች። ሽበታሙ ሎው በሸሚዝና በመነጽር መሃላቸው ይቆማል፤ ለማየትም ያስቃል። በ2024 አብረው «ኢንዶር ሳፋሪ» የተባለ አልበም አወጡ። ቤዙን ለሌላ ሰው ከተወ ግን ቆይቷል፤ አሁን መድረክ ላይ የሚይዘው አኩስቲክ ጊታር ነው።