ባለሞተር ዊልቸርን ከቤት ውጭ በጠርዝ፣ በተዳፋትና በልል መሬት ላይ መንዳት

ባለሞተር ዊልቸር በባትሪ የሚንቀሳቀስና አብዛኛውን ጊዜ በጆይስቲክ (በእጅ በሚዘነበል ትንሽ የመንጃ ዘንግ) የሚነዳ ወንበር ነው። ካናዳዊው መሐንዲስ ጆርጅ ክላይን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለቆሰሉ ወታደሮች ካበጀው ወንበር ወዲህ ሥሪቱ እጅግ ቢሻሻልም፣ ተጠቃሚውን ከደጅ የሚፈትነው ዛሬም መሬቱ ነው። ክብደታቸው ከ100 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ብዙ ወንበሮች ስላሉ፣ በእጅ እንደሚገፋው ዊልቸር ሰዎች ተጋግዘው አያነሷቸውም፤ ስለዚህ መመለሻውን ሳያዩ ወደ አስቸጋሪ ቦታ መግባት አይገባም።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ሞተሩ የሚያሽከረክራቸው ትልልቅ ጎማዎች የት እንዳሉ ነው። ከኋላ ከሆኑ ወንበሩ በፍጥነት ሲጓዝ አቅጣጫውን አይስትም፤ ዳገት ላይ ግን ወደ ኋላ የመገልበጥ ዝንባሌ አለው። ከፊት ከሆኑ እንቅፋቱን ቀድሞ የሚገጥመው ትልቁ ጎማ በመሆኑ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ መውጣት ይቀላል፤ በአንጻሩ በፍጥነት ሲታጠፉ የወንበሩ ኋላ ወደ ጎን ሊወረወር ይችላል። መካከል ላይ ከሆኑ በጠባብ ቦታ መዞር ይመቻል፤ ነገር ግን የፊትና የኋላ ትንንሽ ጎማዎች በጉድጓድ ከንፈሮች ላይ ሲያርፉ ትልልቆቹ ተንጠልጥለው በከንቱ ይሽከረከራሉ።

ወንበሩ የሚወጣው የጠርዝ ከፍታ በመመሪያው ላይ ይገለጻል፤ ይህን ችሎታ ለመለካትም ኢሶ 7176 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ 10ኛ ክፍሉን መድቦለታል። ከተጻፈው ልክ በላይ መሞከር ድፍረት ሳይሆን አደጋ ነው። ከመውጣት በፊት ቀበቶ ይታሰራል፣ ከፍ ያለ መቀመጫ ይወርዳል፣ ወደ ኋላ የተጋደመ መደገፊያም ይቃናል። ጠርዙን ፊት ለፊት መግጠም የግድ ነው፤ በሰያፍ ከቀረቡት አንዱ ጎማ ቀድሞ ስለሚወጣ ወንበሩ ወደ ጎን ያዘነብላል። የባቡር ሐዲድም በቀጥታ ካልተሻገሩት ትንሹ ጎማ ዞሮ ክፍተቱ ውስጥ ይቀረቀራል።

በብዙ የግንባታ ደንቦች የመወጣጫ ተዳፋት ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት እንዲኖረው ይጠየቃል፤ ይህም 5 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚህ የበረታ ተዳፋት ሲገጥም የወንበሩን ወሰን ማወቅ ያስፈልጋል። ዳገት ሲወጡ ደረትን ወደ ፊት ማዘንበል፣ ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ ከጀርባ መደገፊያው ጋር ተጣብቆ በዝግታ መንዳት ይገባል። በተዳፋት መካከል መዞር ግን ከሁሉ የከፋ ይመስለኛል፤ በዚያች ቅጽበት ወንበሩ ለቁልቁለቱ ጎኑን ይሰጣልና።

በአሸዋና በጠጠር ላይ ሳይቆሙና በድንገት ሳይታጠፉ፣ በእኩል ፍጥነት መጓዝ ይሻላል። ወንበሩ ከተያዘ ጎማውን ደጋግሞ ማሽከርከር ጉድጓዱን ያጠልቀዋል። በዚህ ጊዜ ረዳት መጥቶ ለመግፋት ሞተሩን ከጎማ የሚያላቅቀውን ማንሻ ሊነካ ይችላል፤ ነገር ግን ማንሻው ሲላቀቅ የሞተሩ ፍሬን አብሮ ስለሚለቅ፣ ቦታው ተዳፋት ከሆነ ወንበሩ ከነተቀማጩ ሊንደረደር ይችላል። ይህን ለረዳቱ አስቀድሞ መንገር የተጠቃሚው ድርሻ ነው።